ጥርስ ካሠሩ በኋላ መንጋጋ ሲያም፦ ማስሞረድ፣ ናይት ጋርድ፣ መርፌ ወይስ እንደገና ማሠራት?

ፍንጭት በእኛ አገር ውበት ነው። እኔ ግን አራቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቼ ጫፋቸው ተሸራርፎ ስለነበር ኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ) ላስለጥፍ ሄጄ፣ ሐኪሙ «በዚያው ፍንጭቱን ልድፈነው?» ሲለኝ እሺ አልኩ። ሳምንት ሙሉ መስታወት ባየሁ ቁጥር ስስቅ ሰነበትኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ጆሮ ግንዴ ሥር ያለው ጡንቻ ሌሊቱን ቆሎ ሲቆረጥም ያደረ ይመስል ዝሎ አገኘሁት። ባለቤቴም «ጥርስህን እያፋጨህ እንቅልፍ ነሳኸኝ» አለች።

ጥርሴ መጀመሪያውኑ ለምን እንደተሸራረፈ ሐኪሙ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። የሚያፋጭ ሰው ጥርሱ ያጥራል፣ ይሸራረፋል። ስላጠረ ሊያሳምረው ይሄዳል። ከዚያ በብዙ ገንዘብ የተሠራለትን ጥርስ መልሶ እዚያው ወፍጮ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ «ጥርሴን ካሠራሁ ወዲህ ማፋጨት ጀመርኩ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞም ያፋጭ ነበር። አሁን ግን አዲስ ነገር አፉ ውስጥ ስለገባ መንጋጋውን ማዳመጥ ጀምሯል።

ይህ ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ የምትመርጡትን መፍትሔ የሚወስነው ይኸው ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ማፋጨት ከጥርስ አቀማመጥ ሳይሆን ከአንጎል የሚነሳ ነገር እንደሆነ ዛሬ በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሰፊው ይስማማሉ። እንቅልፍ ለአፍታ ሲሳሳ የልብ ምት ይጨምራል፤ የማኘኪያ ጡንቻዎችም ይነሳሉ። ጭንቀት፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ ብዙ ቡና፣ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ ያባብሱታል። (በልጅነታችን «ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ወስፋት አለበት» እየተባለ መድኃኒት የጠጣን ስንቶቻችን ነን!) እንግዲህ ምንጩ አንጎል ከሆነ ጥርስን በመሞረድ ብቻ ማፋጨትን አቆማለሁ ማለት አይቻልም። ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል። አዲሱን ጥርስ ከስብራት ማዳንም ይቻላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ግቦች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

መጀመሪያ የሚያመውን መለየት

አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ስትገጥሙ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ጥርስ አለ? ሕመሙስ ሥራው ባለቀ በቀናት ውስጥ ነው የጀመረው? ይህ አዲሱ ሥራ ከፍ ብሎ መቅረቱን ያመለክታል። ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ንክሻው ብዙ ጊዜ የሚለካው አፍ ደንዝዞ፣ ሰው በጀርባው ተጋድሞ ሳለ ነው። ጥርስ ደግሞ ስሜቱ ስስ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ነገር በመካከሉ ቢገባ ያውቃል።

ጠዋት ጉንጭና ጆሮ ግንድ ዝሎ የሚነሳ፣ ቀኑ ሲገፋ የሚለቅ ሕመም የሌሊት ማፋጨትን ያስጠረጥራል። ጠዋት ደህና ሆኖ ወደ ማታ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ሳይታወቅ ጥርስን ከመግጠም ይመጣል፤ ኮምፒውተር ፊት፣ መሪ ጨብጦ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ። በአማርኛ «ጥርስ ነከሰበት» የምንለው ለቂም ነው፤ መንጋጋ ግን ቂም ሳይኖረውም ይነክሳል።

የታችኛው መንጋጋ በመርፌ ደንዝዞ ከነበረና ከማግስቱ ጀምሮ አፍ አልከፈት ካለ፣ መርፌው ጡንቻ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ረጅም ሰዓት አፍ ከፍቶ መቆየትም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ በአብዛኛው በሞቀ ፎጣና በቀስታ በማፍታታት በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል።

ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ነገር ከነካው በኋላ ቆይቶ የሚጠዘጥዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ነገሩ የመንጋጋ ሳይሆን የጥርሱ ነርቭ ነው። በተለይ ለክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን ለሚሸፍን ክዳን) ብዙ የተሞረደ ጥርስ ላይ ይህ ያጋጥማል። ናይት ጋርድ (ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ) እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ የነርቭ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

እብጠት ከትኩሳት ጋር ካለ፣ መዋጥ ከከበደ፣ ወይም አፍ ድንገት ተቆልፎ ሁለት ጣት እንኳ አላስገባ ካለ አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን መታየት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሰዎች ሲያኝኩ መንጋጋቸው እየዛለ አዲስ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከጀመራቸው የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጥርስ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ደረጃ ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚለቅ የመንጋጋ ሕመምም ከልብ ሊነሳ ይችላል። መንጋጋው ያለ ሕመም ቋ ማለቱ ብቻውን ግን የብዙ ጤነኛ ሰዎች ነገር ነው፤ ሕክምና አይፈልግም።

ማስሞረድ ወይስ መጠበቅ?

ከፍ ያለ ጥርስ ካለ መጠበቅ ጥቅም የለውም። «ይለምዳል» የሚለውን ምክር እኔም ሰምቼ ሦስት ሳምንት ባክኜበታለሁ። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሐኪሙ ቀለም የሚተው ስስ ወረቀት አፋችሁ ውስጥ አድርጎ ያስነክሳችኋል፤ ቀለሙ የደመቀበትን ቦታ ይሞርዳል። ጥሩ ውጤት እንዲገኝ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ያለ ማደንዘዣ እና ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ይለካ፤ ተጋድመን አንበላምና። ሁለተኛ፣ ወደ ፊትና ወደ ጎን እያንሸራተታችሁም ይታይ፤ ማፋጨት የሚባለው እንቅስቃሴ እሱ ነውና። የተሠራላችሁ ፖርሴሊን (የጥርስ ሸክላ) ወይም ዚርኮኒያ (ከእሱ የሚጠነክር ነጭ ዕቃ) ከሆነ፣ ከተሞረደ በኋላ በደንብ እንዲወለወል አሳስቡ። ሻካራ ሆኖ ከቀረ በተቃራኒው ያለውን የራሳችሁን ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።

የሚሞረደው ግን አዲሱ ሥራ ነው እንጂ የተፈጥሮ ጥርሳችሁ አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሳችሁ ካልተሻላችሁና ሐኪሙ «አሁን ደግሞ የኋላ መንጋጋዎችህን በሙሉ እናስተካክል» ካለ ቁሙ። የተፈጥሮ ንክሻን በሙሉ መሞረድ ማፋጨትን እንደሚያቆም የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ የተሞረደ ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ የላይ ሽፋን) ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ሌላው ችግር ሐኪሙ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ከዋሽንግተን ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቶ፣ ወይም ከሪያድ ዱባይ ብቅ ብሎ፣ ወይም ኢስታንቡል በረራ ሲቀይር ጥርሱን አሠርቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ዋጋው እንደሚያባብል አውቃለሁ። ነገር ግን የመጨረሻው ጥርስ ማታ ተለጥፎ ሰውየው ንጋት ላይ አውሮፕላን ከተሳፈረ፣ ንክሻውን ደንዝዞ እንጂ ነቅቶ አልፈተሸውም ማለት ነው። በመለጠፉና በበረራው መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ማትረፍ ይሻላል። ራጁን፣ ከሥራው በፊት የተነሳውን ፎቶና የተጠቀሙበትን ዕቃ ስም በጽሑፍ ይዞ መውጣትም እንዲሁ፤ ሌላ አገር ያለ ሐኪም የሌላ ሰው ሥራ ለመንካት ያመነታል፣ ምን እንደሚሞርድ ሳያውቅ ደግሞ ይበልጥ።

ናይት ጋርድ፦ የትኛው?

ሰው «ናይት ጋርድ ግዛ» ሲል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ማለቱ ነው።

በፈላ ውኃ አለስልሶ የሚነከሰው፣ ከፋርማሲ ወይም ከኢንተርኔት የሚገዛው በጣም ርካሹ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ20 እና በ30 ዶላር መካከል ይገኛል። ለጥቂት ሌሊት መፈተኛ ይሆናል። ወፍራም ስለሆነ ግን ብዙዎች በእንቅልፍ ልባቸው አውጥተው ይጥሉታል። አዲስ ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የሸክላ ሽፋን) ላለው ሰው ደግሞ እኔ አልመክረውም፤ ለስልሶ ጥርሱን አንቆ ሲደርቅ በየሌሊቱ እየጎተተ የሚወጣው ገና በተለጠፈ ስስ ሸክላ ላይ ነው።

በሐኪም ልክ ተወስዶ የሚሠራ ለስላሳ ጋርድም አለ። ሲያደርጉት ይመቻል፤ ሰውም የሚወደው ለዚህ ነው። ግን ለስላሳ ነገር ማኘክን ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በ10 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት፣ ጠንካራው ጋርድ የ8ቱን ሰዎች የሌሊት የጡንቻ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ለስላሳው የ5ቱን ሰዎች እንዲያውም እንደጨመረ አሳይቷል። 10 ሰው ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ለስላሳውን አድርጎ «ባሰብኝ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትጠራጠሩት።

ጠንካራው የአክሪሊክ ጋርድ አንዱን የጥርስ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ሁሉም ጥርስ እኩል እንዲያርፍበትም ሐኪም ይሞርደዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ300 እስከ 1000 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ለተሠራ ጥርስ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሲያፋጩ የሚፋቀው ፕላስቲኩ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ይለወጣል። ዋጋ የምትከፍሉት ለፕላስቲኩ ሳይሆን ለማስተካከሉ መሆኑን ግን አትርሱ። ልክ ወስዶ፣ ከሳምንት በኋላ «ይኸው» ብሎ ሳይሞርድ የሚሰጥ ካለ የከፈላችሁት ለፋርማሲው ዓይነት ነው።

አራተኛው የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ቁራጭ ነው። የኋላ ጥርሶች እንዳይገናኙ ስለሚያደርግ ጡንቻውን ቶሎ ያሳርፋል፤ ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጡት ሐኪሞች አሉ። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተደረገ ግን የኋላ ጥርሶች ከቦታቸው ወጥተው የፊቶቹ መግጠም እስኪያቅታቸው ንክሻን ሊቀይር ይችላል። ደግሞም ጫናውን በሙሉ የሚያሳርፈው ቬኒሮቹ ባሉበት ቦታ ላይ ነው። ይህን አትምረጡ።

ከብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) በኋላ የሚሰጠው ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ናይት ጋርድ አይደለም፤ ቶሎ ይበሳል። ጥርሳችሁን ከማሠራታችሁ በፊት የተሠራ ጋርድም አሁን አይገጥምም፤ በግድ አታስገቡት። የምታንኮራፉና ቀን የምታንቀላፉ ከሆነ ደግሞ ከጋርዱ በፊት የእንቅልፍ ምርመራ ጠይቁ፤ የላይኛው ጋርድ በአንዳንድ ሰዎች የትንፋሹን መቋረጥ ሊያባብሰው ይችላል።

ጋርድ ወይስ ስፖርት?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ለቆየ፣ ማለትም ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለሆነው የመንጋጋ ሕመም መመሪያ ወጥቶ ነበር። አጥብቆ የደገፋቸው ነገሮች ርካሽና አሰልቺ ናቸው፦ በባለሙያ እየታዩ የሚሠሩ የመንጋጋና የአንገት እንቅስቃሴዎች፣ ጡንቻውን በእጅ ማፍታታት፣ ሐሳብንና ልማድን የሚቀይር የንግግር ሕክምና፣ የቤት ውስጥ ራስን መንከባከብ። ተነቃይ ጋርድን ግን ለሕመም ማስታገሻነት በአብዛኛው አይመክርም፤ ጡንቻ የሚያደክመውን የቦቶክስ መርፌንም እንዲሁ።

ታዲያ ከላይ ጋርድ ለምን አሞገስኩ? ግቡ ስለሚለይ ነው። ጋርድ ለሸክላው የራስ ቁር ነው፤ ለሕመሙ ማስታገሻ እንዲሆን ከጠበቃችሁት ያሳዝናችኋል። ሕመም ያለበት ሰው በስፖርቱ ይጀምር። ብዙ ቬኒር ወይም ክራውን ያለበትና የሚያፋጭ ሰው ሕመም ባይኖረውም ጋርዱን ያድርግ። ሁለቱም ያለበት ሁለቱንም።

ስፖርቱ ቀላል ነው። «ነ» ስትሉ የምላሳችሁ ጫፍ የሚያርፍበትን ቦታ አስተውሉ፤ ከላይኛ የፊት ጥርሶች ኋላ ያለው ላንቃ ነው። ምላስ እዚያ፣ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ለቀቅ። መንጋጋ የሚያርፈው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ጥርሱ ቀኑን ሙሉ ተገናኝቶ መዋል ያለበት ይመስለዋል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ግን መብልና መዋጥ ተደምሮ ጥርስ የሚነካካው በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ምላሳችሁን ላንቃ ላይ እንዳደረጋችሁ አፋችሁን ቀስ ብላችሁ መክፈትና መዝጋት፣ ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ዙር። ማታ ማታ የሞቀ እርጥብ ፎጣ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ። ኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ለጥፌ ነበር፤ ባየኋት ቁጥር ጥርሴን እለቃለሁ። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ከሁሉ ያዳነችኝ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ለጥቂት ሳምንታት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ማስቲካ ይቅሩ። ሽሮ፣ ገንፎ፣ ፍርፍር፣ ክክ አልጫ አሉላችሁ። ቡና ማታ አይሁን፤ አቦልን ጠጥቶ ከበረካ በፊት መነሳት ነውር ከሆነባችሁ ሰዓቱን ወደ ቀን አዙሩት። ጫት ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ለሰዓታት መታኘኩ በአንድ ጎን ያለውን ጡንቻ ያደክማል፤ በውስጡ ያለው አነቃቂ ነገር ደግሞ እንቅልፍን ይነሳል፣ መንጋጋን ያወጥራል። ቬኒር አሠርቶ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሐኪሙን ከመውቀሱ በፊት ይህን ያስብ።

ሕመም ሲበረታ ለጥቂት ቀናት አይቡፕሮፌን ይረዳል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም እርግዝና ካለ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም። የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ማፋጨቱ ከእሱ የመጣ ቢመስላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሰጣችሁ ሐኪም ንገሩት፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል።

ቦቶክስ

ቁንጅና ቤቶች ፊት ማቅጠኛ እያሉም ይሸጡታል፣ እውነትም ያቀጥናል። መርፌው የጉንጩን ጡንቻ ያደክማል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ሰውየው ማፋጨቱን አያቆምም፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ለዚህ ችግር አላጸደቀውም፤ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ነው የሚሰጡት። በተደጋጋሚ ሲወጋ ጡንቻው ይሳሳል፤ የመንጋጋ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል የሚል ስጋት አለ። ስፖርቱንም ጋርዱንም በቅጡ ሞክሮ አሁንም ክራውን የሚሰብር ሰው ቢያስወጋ ይገባኛል። ለመጀመሪያ ምርጫ ግን ቅንጦት ነው።

አፍርሶ እንደገና ማሠራት

ይህ ሕመም በጠናበት ሰሞን መጀመሪያ የሚታሰበው፣ በተግባር ግን መጨረሻ መምጣት ያለበት ነው። ከአንድ በላይ ሐኪም ሥራው ራሱ እንደተበላሸ ካረጋገጠ፣ ለምሳሌ ጥርሶቹ በጣም ረዝመው አፍ ሲዘጋ መንጋጋ ማረፊያ ካጣ፣ ማፍረስ ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን በቀጥታ ወደ አዲስ ሸክላ አትዝለሉ። ጊዜያዊ የፕላስቲክ ጥርስ ተለብሶ ሕመሙ ለሳምንታት መቅረቱ ይታይ፤ ጊዜያዊው ላይ ያልተሻለ መንጋጋ ቋሚው ላይ አይሻለውም።

ገና ላላሠራችሁ ደግሞ ምርጫው የሚጀምረው ከዕቃው ነው። ኮምፖዚት አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ሳይሞረድ ይለጠፋል። ቀለም ይይዛል፣ ይሸራረፋል፣ ግን በአንድ ቀጠሮ ይጠገናል። የፖርሴሊን ቬኒር ውበቱና ዕድሜው ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ያህል የማይበልጥ ስስ ሸክላ ስለሆነ ግን የሚያፋጭ ሰው ላይ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። ክራውን ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዶ ይሸፍናል። «ቬኒር» ተብሎ ተሸጦ ጥርሱ እንደ ምስማር የተሞረደበት ሰው አለ፤ ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት «ከጥርሴ ላይ ስንት ሚሊሜትር ነው የምትሞርደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዚርኮኒያ በቀላሉ አይሰበርም፣ በደንብ ከተወለወለ ተቃራኒውን ጥርስም ብዙ አይበላም። አለመሰበሩ ግን ለመንጋጋው እረፍት አይደለም።

ዝዋይ፣ ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ሌላ የስምጥ ሸለቆ ከተማ አድጋችሁ ጥርሳችሁ በውኃ ውስጥ ባለው ፍሎራይድ በተባለ ማዕድን ቡኒ ለሆነባችሁ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ አካባቢ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለው፤ ቡኒነቱም ከኢናሜሉ ውስጥ ስለሆነ በመፋቂያ አይለቅም። እንዲህ ያለ ኢናሜል ላይ ማጣበቂያው እንደ ሌላው አይይዝም። ስለዚህ በቀላሉ የሚጀምር ሐኪም ፈልጉ፦ መጀመሪያ ማንጣትና የኢናሜሉን ላይ ላዩን በሐኪም መሣሪያ መፋቅ፣ ከዚያ ኮምፖዚት፣ ሸክላው ለመጨረሻ። የምታፋጩ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አጠር ያለና ደንደን ያለ ጥርስ ይሠራላችኋል፣ ጋርዱንም በዚያው ዋጋ ውስጥ ተደራደሩ።

የእኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ከፍ ያለ ጥርስ ተሞረደልኝ፣ ጠንካራውን ጋርድ አሠራሁ፣ ቀይዋን ነጥብ ለጠፍኩ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ጠዋት ጠዋት መዛሉ ቀረ። ማፋጨቱ ግን አልቀረም፤ ጋርዱ ላይ የተጫረው ይመሰክርብኛል። ባለፈው ዓመት አንዱ ኮምፖዚት ሲሸረፍ ላስጠግን ሄጄ ሐኪሟን ፍንጭቴን ትመልስልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀችና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከፈተችው።